የሰብለ የእጅ ባትሪ

ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ እንደ ምስክር ቃል እንዳትወስዱብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። የአው ጁነይዲ ሱቅ በር አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ፣ እህቴ ሰብለ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ይሁን አሥራ ሰባት፣ ከሸክላው ሳህን የተነሣው ጭስ ነጭ ይሁን ግራጫ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። አንዳንዱን ነገር በዓይኔ አይቼው ይሁን ቆይቶ ሰው ሲያወራው ሰምቼ የራሴ ያደረግሁት፣ መለየት ያቅተኛል። በተለይ ስለ አንድ ሽታ ለዓመታት ስከራከር ኖሬያለሁ፤ ከእህቴ ጋር፣ ከራሴም ጋር።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰውም ያው ሽታ ነው። በቅርቡ ስልኬን ላስጠግን አንድ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ሠራተኛው ከአንድ አሮጌ ስልክ ውስጥ እንደ ትራስ ያበጠ ባትሪ ፈልቅቆ ሲያወጣ፣ ከልክ በላይ የበሰለ ፍሬ የሚመስል ቀጭን ሽታ አፍንጫዬን ነካው። «ማንጎ ይዘሃል እንዴ?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። እኔ ግን ይህን ስል በሩ ላይ ደርሼ ነበር። እግሬ ከእኔ ቀድሞ አስታውሷል።

ያ ዓመት መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት ነው። አንድ ቀን ይመጣል፣ በማግስቱ ይጠፋል፤ በመጣበት ቀንም ሲመሽ ይሄዳል። ቤታችን ከሐረር ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ጥቂት እርምጃ ላይ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ሰብለ አሥረኛ። አሥረኛ ክፍል ማለት ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ብሔራዊ ፈተና ማለት ነው። ሰብለ አስም ነበረባት። በኩራዝ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ካጠናች ደረቷ ማፏጨት ይጀምራል። እማዬ መጽሐፉን ትነጥቃታለች፤ ሰብለ መልሳ ትነጥቃለች።

«ይገድልሻል እኮ ይኼ ጭስ!»

«ብወድቅ ግን የጣልሽኝ አንቺ ነሽ!»

እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ የእህቴን ደረት ፉጨት እሰማ ነበር። ፉጨቱ ከሳንባዋ ሳይሆን ከመጽሐፉ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ሒሳብ ስታነብ ይብስባት ነበርና።

የነበረን የእጅ ባትሪ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ የቆርቆሮ ባትሪ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚያደርገው እናክመው ነበር፤ በጥርስ እንነክሰዋለን፣ ዙሪያውን በጠጠር እንቀጠቅጠዋለን፣ ከዚያም የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አውጥተን ፀሐይ እናሞቀዋለን። ማታ ትንሽ ያበራል። የትኛው ሕክምና እንደ ሠራ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ሚያዝያ ውስጥ ድንጋዮቹ ከሕክምና ሁሉ ሲያልፉ፣ ምናልባት የተበላሸው ባትሪው ራሱ እንደ ሆነ ብላ እማዬ ወደ አው ጁነይዲ ላከችኝ።

አው ጁነይዲ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ሬዲዮ የሚጠግኑ አዛውንት ነበሩ፤ «አው» ሐረር ለትልቅ ሰው የምትሰጠው የክብር ስም ነው። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ መነጽራቸው አንገታቸው ላይ በክር የታሰረ። የሱቃቸው ስፋት ቁም ሣጥን ያህል ነው። ከፊት ለፊታቸውና ከግራ ቀኛቸው ልብስ ሰፊዎች ረድፍ ይዘው የስፌት መኪናቸውን ያንዶቀድቃሉ፤ መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚያ ድምፅ ነው።

ባትሪያችንን ፈትተው ድንጋዮቹን መዳፋቸው ላይ አነጠፉና ትክ ብለው አዩ።

«ይኼን አይጥ ነው የበላው?»

«እኔ ነኝ አው። እንዲበራ ብዬ ነው።»

«በራ?»

«ትንሽ።»

ከመንገዱ ማዶ ፈትሒ የሚባለው ልብስ ሰፊ መርፌውን ሳያቆም ጮኸ፦ «አው! ምሳ ይስጡት እንጂ፣ ልጁ ርቦት ነው!»

አው ጁነይዲ ሳቁን ችላ ብለው ከጠረጴዛቸው ሥር ከአውራ ጣቴ ትንሽ የምትበልጥ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ቆዳ የለበሰች ክብ ነገር አወጡ። ሁለት ሽቦ አስነክተው የስንዴ ፍሬ በምታክል አምፖል ላይ አገናኟት። በቀትር፣ በሐረር ፀሐይ መካከል፣ የሱቁ ጥግ ነጭ ሆነ። ከሬዲዮዎቹ ላይ ያለው አቧራ አንድ በአንድ ታየኝ።

«አንድ ብቻ ነው?» አልሁ።

«አንድ ብቻ። ሊትየም ይባላል። ከተጣለ ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ነው የማወጣው፤ ቁራሌው ያመጣልኛል።»

ስለ ሰብለ ደረት፣ ስለ ኩራዙ፣ ስለ ፈተናው በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው። እንዲሸጡልኝ ለመንሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልሸጥልህም። ሳይማር ለወሰደው ሰው ከሰጠሁ፣ ወላሂ፣ እሳት ነው የሰጠሁት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ና። ተማርና ራስህ ሥራላት። ግን ስማ፤ እዚህ ሕግ አለ። አንዱን ሰብረህ ከደበቅኸኝ፣ ያን ቀን ከዚህ ሱቅ ወጥተሃል።»

ወደ ቤት በሩጫ ተመለስሁ። ለሰብለ «ፋኖስ ልሠራልሽ ነው! በቀንም የሚያበራ!» አልኋት። ከመጽሐፏ ቀና ሳትል «በቀን ፀሐይ አለልኝ» አለች።

ከሕጎቹ በፊት የማረከኝ የአው ጁነይዲ ቀለበት ነበር። ሊትየም ከመንካታቸው በፊት ቢስሚላህ ብለው የብር ቀለበታቸውን አውልቀው መስኮቱ ላይ ያኖራሉ። ሰው መስጊድ ሲገባ ጫማውን እንደሚያወልቅ፣ እኔም ይህን ለሊትየም የሚሰጥ ክብር አድርጌ ወሰድሁት። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ወደ አንገቴ ጠቁመው «አንተም ያን አንሣ» አሉኝ። አንገቴ ላይ ያለው ማተቤ ነበር፤ ክሩ ላይ ትንሽ የብረት መስቀል ተንጠልጥላለች። ደነገጥሁ። ሮጬ ወጥቼ ቤቴ ገባሁና ለእማዬ «አው ማተቤን በጥስ አሉኝ» አልኋት።

እማዬ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። እኔም ከኋላዋ። ፈትሒ ገና ከሩቅ ሲያያት መኪናውን አቆመ፤ ጠብ እንዳያመልጠው።

«አው ጁነይዲ፣ ሃያ ዓመት ጎረቤት ነን» አለች እማዬ። «የልጄን ማተብ ምን አደረገዎት?»

አው ጁነይዲ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት፤ ከዚያ እኔን። «አስተግፊሩላህ! ክሩን ማን ነካው? ብረቱን ነው ያልሁት! ጎንበስ ሲል ብረቱ የሊትየሙን ሁለት ጫፍ ቢያገናኝ አንገቱን ያቃጥለዋል። ቀለበቴንስ ለምን የማወልቅ መሰላችሁ?» እጃቸውን ዘርግተው የቀለበት ጣታቸውን አሳዩን። ሥሩ ላይ እንደ ሁለተኛ ቀለበት የሚዞር የለሰለሰ ጠባሳ ነበር። «ወደ ጀርባው ያዙረው። እዚያ መስቀሏም ትጠብቀዋለች፣ ሊትየሙም አይደርስባትም።»

እማዬ መስቀሌን በራሷ እጅ ወደ ጀርባዬ አዞረችልኝ። ስትመለስ ከፈትሒ ጋር እስኪያልባት ስቃ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ወይም ፈትሒ እንደዚያ ብሎኛል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ እጅግ የቸኮልሁባቸው ናቸው። ደወል ሲደወል ከክፍል ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርሁ። አው ጁነይዲ የላፕቶፑን ባትሪ በፕላስቲክ መሰንጠቂያ እንጂ በቢላዋ አይከፍቱም ነበር። ሊትየሞቹን በቴስተር እየለካሁ ቁጥራቸውን ቆዳቸው ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ከሁለት ተኩል ቮልት በታች የወረደው፣ የዛገው፣ ያበጠው፣ የተጎረበጠው በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አሸዋ ላይ ይጣላል፤ ጤነኛው በሌላ። የመጀመሪያውን ጣሳ ሐራም፣ ሁለተኛውን ሐላል ይሉታል።

እኔ ያደግሁት የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ተለይቶ በሚሸጥበት ከተማ ነው። የሐላሉ ጣሳ ባዶ ሆኖ በሐራሙ ውስጥ አሥር ያህል ሊትየም ተኝቶ ባየሁ ቀን፣ ለረጅም ጊዜ ካሰብሁበት በኋላ፣ «አው፣ እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ከዚህኛው ብወስድ ችግር የለውም» አልኋቸው።

መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ፈትሒ! ፈትሒ፣ ና ስማ ይኼን!» ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው አንዱን ያበጠ ሊትየም አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይኼ ሲነድ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅህም።»

የሰብለን ሊትየም ያገኘሁት ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ላፕቶፕ ነው። ሞልቼ ለካሁት፤ በማግስቱ ለካሁት፤ በሦስተኛው ቀን ለካሁት፤ አልወረደም። አካሉን ከውኃ ቧንቧ ቁራጭ፣ አንጸባራቂውን ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ክዳን ሠራሁ። ብየዳው በሊትየሙ ላይ ሳይሆን ከሱ ጋር ከላፕቶፑ በመጣው ቀጭን ቅጠል ብረት ላይ ብቻ ነበር፤ እሱንም አው ጁነይዲ እጄን ይዘው ነው የበየዱት። ማብሪያውን ስጫን ከፊት ለፊት ባለው በኖራ የተቀባ ግንብ ላይ ጠረጴዛ የሚያህል የብርሃን ክብ ወደቀ። ፈትሒ ተነሥቶ በክቡ ውስጥ ቆመና በእጆቹ የግመል ጥላ ሠራ። እኔ ዘልዬ የጣሪያውን ወራጅ በራሴ መታሁት።

ሰብለ መጀመሪያ ያበራችበት ምሽት ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበበች። እኔና እማዬ ትንፋሽዋን እየሰማን ተቀመጥን፤ ፉጨት አልነበረም። በመጨረሻ መጽሐፏን ዘግታ «ነገም ይበራል?» አለችኝ። እንደ አዋቂ ሰው የጠየቀችኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ሙሌት ሁለት ምሽት ይዘልቅ ነበር። ሙሌቱ የሚካሄደው በአው ጁነይዲ ሱቅ ብቻ ነው፤ ሲሞላ ራሱን በሚያቆም ቻርጀር፣ በሸክላ ሳህን ላይ፣ አጠገቡ የአሸዋ ጣሳ ተቀምጦ፣ ሰው እያየው። ይህም ሕግ ነበር። ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ሊነጋጋ ሲል፣ የሰብለ ብርሃን ደበዘዘ። ቀኑ መብራት የሌለበት ነው፤ አው ጁነይዲም ከኤረር በር ማዶ ቀብር ሄደዋል፤ ሱቁ ዝግ ነው። ሰብለ «ዛሬ ሒሳቡን ካልጨረስሁ በቃ» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

እኔ ያደረግሁትን ማንኛውም የሰፈራችን ልጅ ያደርገው ነበር፤ ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። ሊትየሙን አውጥቼ ነከስሁት፤ ጥርሴ አዳለጠኝ። ጠጠር አንሥቼ ዙሪያውን ቀጠቀጥሁት። ከዚያም የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አወጣሁትና እስከ ማታ ፀሐይ አሞቅሁት። ማታ በራ። የበራው ከዕረፍት በኋላ የሚቀረው ጥቂት ጉልበት ኖሮት ይሆናል፤ እኔ ግን አው ጁነይዲ የማያውቁትን ምሥጢር ያገኘሁ መሰለኝ። ሰብለ ሁለት ገጽ ጨረሰች፤ ከዚያ ጠፋ። ጠዋት በፀሐይ ሳየው ሰማያዊው ቆዳ ተሰንጥቋል፤ ከሥሩም ብረቱ ጥፍር በሚያህል ቦታ ጎድጉዷል። የተጎረበጠ ሐራም ነው። ከሱ ሌላ ግን ሰብለ ምንም አልነበራትም፤ ቢጣል ደግሞ ከሱቁ እኔም እጣላለሁ። ጥቁር ቴፕ አምጥቼ ጠቀለልሁት።

ቅዳሜ መብራት መጣ። አው ጁነይዲ ሊትየሙን ተቀብለው አገላበጡት።

«ይኼን ቴፕ ማን ጠቀለለው?»

«እኔ። ቆዳው ተልጦ ነበር።»

«ማሻአላህ! የተላጠ ይጠቀለላል፤ ሳልነግረው አደረገው። ፈትሒ፣ አየኸው?»

ቴስተሩ ሦስት ቮልት ከምናምን አለ። ቴስተር ጉድጓድ አያይም። ሊትየሙን ሸክላው ላይ አድርገው ቻርጀሩን ሰኩ። የዙሁር አዛን ተሰማ። ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥበቃውን ለእኔ ሰጡኝ።

«የእጅህን ጀርባ እያስጠጋህ እየው። ሞቅ ካለ ሶኬቱን ንቀል። አሁን አንተም ጠጋኝ ነህ።»

ለሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ። በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ። ፊቴ የጋለው ከእፍረት ይሁን ከሙቀቱ አላውቅም። ጥቂት ቆይቶ ማንጎ ሸተተኝ።

ወሩ የማንጎ ነበር። ከኤረር በኩል በየቀኑ በአህያ ይገባል፤ እማዬም ያን ጠዋት አንድ ማንጎ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጋልኛለች። ተጨፍልቆ ደብተሬን አበላሸው ብዬ ቦርሳዬን ዘረገፍሁት። ደብተር፣ ማስመሪያ፣ የተቀደደ ኳስ። ማንጎ የለም። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ።

«ዋሪያ! ምን ጠፋብህ?» አለ ፈትሒ።

«ማንጎ ሸቶኝ ነው።»

«ብቻህን እንዳትበላው!»

ቀና ስል ሽታው በረታ። የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ። ሊትየሙ ይፋጃል። እዚህ ላይ ትዝታዬን ማመን ይቸግረኛል፤ ምክንያቱም እጄን ወደ ሶኬቱ ሰድጄ ያቆምሁት ይመስለኛል። ብነቅለው «ለምን ነቀልህ?» ይሉኛል፤ ቴፑም ይፈታል። ስንት ጊዜ እንደ ቆምሁ አላውቅም። አምስት ትንፋሽ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንዲት ጧ የምትል ደቃቅ ድምፅ ሰማሁና ሶኬቱን ነቀልሁ፤ ሸክላውን በጨርቅ አንሥቼ ወደ መንገዱ ሮጥሁ፤ መካከል ላይ ባለው ኮብል ድንጋይ ላይ አኖርሁት።

«ራቁ! ራቁ!»

ሁለት እርምጃ እንደ ራቅሁ ሊትየሙ እንደ እባብ አፏጨ። ጭስ ተፋ፤ ከጭሱ ውስጥ ክንድ የሚያህል ነበልባል በአንድ ጎን ተወረወረ። መኪና ግርግር ጸጥ አለ። እዚያ መንገድ ላይ በቀትር ጸጥታ ሰምቼ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በጸጥታው ውስጥ አው ጁነይዲ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው ሲሮጡ መጡ። ወደ ሱቃቸው ገብተው የአሸዋውን ጣሳ አወጡና ከእጃቸው ርዝመት ላይ ሆነው ደፉበት። አሸዋው ጥቂት ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያ ቆመ።

ሱቁን አላዩም። እኔን ይዘው ፊቴን፣ ዓይኔን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላበጡ።

«ሶኬቱን ነቅለህ አንተም መሮጥ ነበር! ሸክላውን ማን አንሣ አለህ? ሱቅ ይሠራል። ዓይን ይሠራል?»

ያን ጊዜ አለቀስሁና ሁሉን ተናገርሁ፤ ንክሻውን፣ ጠጠሩን፣ ጣሪያውን፣ ቴፑን። ቀና ብዬ ሳላይ ማተቤን ወደ ፊት መለስሁ፤ መባረሬ ነው ብዬ። አው ጁነይዲ ጫማቸውን ቀስ ብለው አደረጉ።

«ሕጉ ሰብረህ ከደበቅኸኝ ነበር» አሉ። «እስከ አሁን ደብቀኸኛል። አሁን ነገርኸኝ። እንግዲህ ምን ላድርግህ?»

«የሰብለ ፈተና ማክሰኞ ነው» አልሁ።

አው ጁነይዲ ቀለበታቸውን አውልቀው መስኮቱ ላይ አኖሩና በእኔ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ዛሬ እጅህ ምንም አይነካም። አንተ መምህር፣ እኔ ተማሪ። እየነገርኸኝ ሌላ እንሠራላታለን። አንዲት ሕግ ከዘለልህ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ እህትህም በኩራዝ ታጥና።»

ከሐላሉ ጣሳ አንድ ሊትየም አነሡና ጠበቁኝ።

«ይታይ» አልሁ። «ዝገት፣ እብጠት፣ ጉድጓድ።»

«ምንም የለበትም።»

«ይለካ።»

ለኩ። ቻርጀሩ ላይ ሊገጥሙት ሲሉ የቀረችው ሕግ አልታወሰችኝም፤ እሳቸውም እጃቸውን አጣጠፉ። ከመንገዱ ማዶ ፈትሒ ጉሮሮውን እየጠረገ አንገትጌውን ወደ ኋላ ይጎትታል።

«ማተቤ!» ብዬ ጮኽሁ፤ መስቀሏን ወደ ጀርባዬ ወረወርኋት።

«ፈትሒ፣ ፈተና ላይ አይነገርም!» አሉ አው ጁነይዲ፤ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ከቀትር በኋላ፣ በዓስር አዛን ላይ ሊትየሙ ሞልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቧንቧው ውስጥ ገባ። ማብሪያውን እንኳ አልነካሁም፤ እሳቸው ናቸው ያበሩት። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው አጨበጨቡ፤ ለእኔ ይሁን ለእሳቸው አልተለየም። እኔ ግን የእጅ ባትሪውን አቅፌ እስከ ሸዋ በር ሳልቆም ሮጥሁ። ሰብለ በዚያው ብርሃን፣ ሰኞ አንዴ አስሞልተነው፣ ሦስት ምሽት አጠናች፤ ደረቷ አላፏጨም፤ ፈተናውንም አለፈች።

ይህን ታሪክ በነገርኋት ቁጥር እህቴ አንድ ቦታ ላይ ታስቆመኛለች። «ሽታውን ቆይተህ ነው የጨመርኸው» ትለኛለች። «ማንጎውን እኮ ያን ጠዋት ከቦርሳህ አውጥቼ የበላሁት እኔ ነኝ። ያልነበረ ማንጎ እንዴት ይሸታል?» ማስረጃዋ ጠንካራ ስለ ነበር፣ እኔም ወሩ የማንጎ ስለ ሆነ ብቻ ሽታውን በትዝታዬ ላይ ለጥፌው ይሆናል ብዬ ለመቀበል ተቃርቤ ነበር። ከዚያ የስልክ ጥገና ቤት በወጣሁ ሳምንት ግን ኬሚስትሪ የሚያስተምር ባልደረባዬን ጠየቅሁት፤ አላመንሁትም፤ ከመጻሕፍትም አመሳከርሁ። በሊትየም ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጣፋጭ፣ ፍሬ ፍሬ የሚል ሽታ አለው፤ ባትሪው ሲጎዳ ጭስ ከመታየቱ በፊት ሊያፈተልክ ይችላል፤ ያ ሽታ ሲመጣ መፈለግ ሳይሆን መራቅ ነው የሚገባው። ስለዚህ የበሩን ቀለም፣ የጭሱን ቀለም፣ በሶኬቱ ፊት የቆምሁትን የትንፋሽ ቁጥር ለጊዜው ትቼ፣ ይህን አንዱን ያለ ጥርጥር እጽፋለሁ፦ እህቴም እኔም ልክ ነበርን። ሽታው ነበረ። ቦርሳዬ ውስጥ ግን ማንጎ አልነበረም።